የቮልስ ዳሽቦርድ መብራት ሲፈዝ፦ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ

የቮልሱ ዳሽቦርድ የፈዘዘበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሶማሌ ተራ ወርዶ አምፖል መግዛት ነው። ይቀይረዋል። አዲሱም ይፈዛል። ከዚያ ዋቱ ከፍ ያለ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በሙቀቱ ፕላስቲኩን ያበላሽበታል። ይህ በተደጋጋሚ የሚሆነው ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ አምፖሉ ላይ ስላልሆነ ነው። ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየባከነ ነው፤ በዛገ ፊውዝ፣ በላላ ሽቦ፣ ወይም በደከመ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት)።

ባለ ክር አምፖል ቮልት ትንሽ ሲጎድልበት ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል። ከ12 ቮልት ላይ 1 ቮልት ብቻ ቢጠፋ የብርሃኑ ሩብ ያህል ይሄዳል። 2 ቮልት ቢጠፋ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ ስራው ያንን የጠፋ ቮልት ማደን ነው፣ ለዚህ ደግሞ መለካት የግድ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለባለ 12 ቮልት፣ ጠፍጣፋ የፊት መስታወት ላላቸው ቮልሶች ነው። ጎባጣ የፊት መስታወት ያለው የ1303 ሞዴል ዳሽቦርድ አቀማመጡ ይለያል፣ የመለካቱ ስራ ግን ያው ነው። ስለ 6 ቮልቶቹ ወደ ታች እመጣለሁ።

መጀመሪያ፦ የፈዘዘው የቱ ነው?

ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት አይነት መብራት አለ፣ ሰዎች ሁለቱን እየቀላቀሉ ነው የሚሳሳቱት።

አንደኛው ማታ ቁጥሮቹን የሚያበራው ነው። የፊት መብራት ማብሪያውን ስትስቡ አብሮ ይበራል። ይህ ከፈዘዘ ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት።

ሁለተኛው ምልክት ሰጪዎቹ ናቸው፦ ቀዩ የዲናሞ መብራት፣ የዘይቱ፣ የፍሬቻው፣ ሰማያዊው የረጅም መብራት ምልክት። ከእነዚህ ውስጥ የዲናሞውና የዘይቱ ሲፈዙ አምፖል ደክሟል ብላችሁ እንዳታልፉ። ሞተሩ እየሰራ ሳለ ፈዘዝ ብለው የሚበሩ ከሆነ ሌላ ነገር እየነገሯችሁ ነው። ለእነሱ ደረጃ 6ንና 7ን አንብቡ።

ሁሉም አንድ ላይ ከፈዘዙ፣ በተለይ ሞተሪኖውም እየደከመ የሚያስነሳ ከሆነ፣ ዳሽቦርዱን አትንኩት። ቀጥታ ደረጃ 1።

የሚያስፈልጋችሁ

መልቲሜትር ያስፈልጋል፣ ርካሹም ይሆናል። ትንሽ ካቻቢቴ፣ ጫፉ ቀጭን ፒንሳ፣ የባትሪ ተርሚናል የሚፈታ ቁልፍ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ፣ ቫዝሊን፣ ናስትሮ። አንድ ሜትር ያህል ሽቦ መሀሉ ላይ 5 አምፔር ፊውዝ አስገብታችሁ አዘጋጁ፣ ለሙከራ ነው። የእጅ ባትሪ አትርሱ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቀንም ጨለማ ነው።

አምፖል የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ብረቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አብዛኞቹ 12 ቮልት 1.2 ዋት ወይም 2 ዋት ናቸው፣ ተጭነው የሚዞሩ፣ ጠባብ አንገት ያላቸው። ከዚያ በላይ ዋት አታስገቡ።

ሳትጀምሩ ይህን እወቁ

የቮልስ ነዳጅ ታንክ ያለው ፊት ለፊት፣ እቃ መጫኛው ውስጥ፣ እናንተ እጃችሁን ከምታስገቡበት ስር ነው። የቤንዚን ሽታ ካለ ስራውን አትጀምሩ። መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቱቦ አስጠግኑ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚፈናጠቅ አንዲት ብልጭታ ቀልድ አይደለችም።

ሁለተኛ፣ የዳሽቦርዱ መብራት መስመር በብዙ ቮልስ ላይ በፊውዝ በኩል አያልፍም። ከማብሪያው ቀጥታ ነው የሚመጣው። ሽቦው ቦዲ ነክቶ ቢያያዝ የሚያቋርጠው ነገር የለም፣ ሽቦው ራሱ ነው የሚነደው። ስለዚህ ማንኛውንም ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ስር በቀኝ በኩል አለ። ስትጨርሱ ክዳኑን መልሱ፤ ክዳን ከሌለው ወፍራም ጎማ አልብሱት። የመቀመጫው ብረት ስፕሪንግ ሰው ሲቀመጥበት ተርሚናሉን ነክቶ መኪና ያቃጥላል፣ ይህ በቮልስ የታወቀ አደጋ ነው።

ሶስተኛ፣ ምንም ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ከሁለት ከሶስት አቅጣጫ። ስንት ኤሌክትሪሺያን የነካካው መኪና ስለሆነ የሽቦ ቀለም ብቻ አትመኑ።

ደረጃ 1፦ ባትሪና ዲናሞ

1. መኪናው ከጥቂት ሰዓት በላይ ቆሞ ሳለ ባትሪውን ለኩ። 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው፣ ቻርጅ አድርጉትና ከዚያ ቀጥሉ።

2. ሞተሩን አስነሱ፣ ቤንዚን ሰጥታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ያዙትና እንደገና ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳትሰጡ፣ አትለኩ። የቮልስ አሮጌው ዲናሞ በሚኒሞ ብዙም አያመነጭም፣ የትራፊክ መብራት ላይ ቆማችሁ ዳሽቦርዱ ደብዘዝ ብሎ ስትነሱ የሚደምቅ ከሆነ ተፈጥሮው ነው፣ በከንቱ አትልፉ።

3. የባትሪውን ሁለት ተርሚናሎች ፈታችሁ አጽዱ፣ ኔጋቲቩን መጀመሪያ። ነጩንና አረንጓዴውን ዝገት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ አድርቁ፣ እሰሩ፣ ከላይ ቫዝሊን ቀቡ።

4. ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደውን ማሳ ከቦዲው በኩልም ፍቱት። ብዙ ሰው ባትሪው ላይ ያለውን ጫፍ ብቻ አጽድቶ ይተወዋል። ቦዲው ላይ ያለውን ቦታ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት።

5. መኪናው ስር ግቡና ካምቢዮው ፊት ለፊት ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን የተጎነጎነ የመዳብ ማሳ ፈልጉ። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው ዋናው መንገድ ይኸው ነው። ከተበጣጠሰ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቀይሩት። ክሪክ ብቻ አምናችሁ ስር አትግቡ፣ መቆሚያ አድርጉ።

ደረጃ 2፦ ፊውዞቹ

የቮልስ ፊውዝ ሁለት ጫፉ ሾጣጣ የሆነ፣ ከላዩ የብረት ቅጠል ያለው ነው። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። ሳይቃጠል ጫፉ ዝጎ ቮልት ይበላል፣ ስለዚህ በአይን አይታችሁ ደህና ነው አትበሉ።

ባትሪው ተፈትቶ ሳለ አንድ በአንድ አውጡ፣ መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሹ፣ ላላ ካለ በፒንሳ ጠበብ አድርጉ፣ መልሱና በጣታችሁ ጥቂት ጊዜ አሽከርክሯቸው። የቁጥሮቹ ብርሃን በዚህ በኩል ባያልፍ እንኳ ምልክት ሰጪዎቹ ያልፋሉና ስራው ከንቱ አይሆንም።

ከሲጋራ ፓኬት በወጣ ብር ወረቀት የተጠቀለለ ፊውዝ ካገኛችሁ አሁኑኑ ጣሉት። ያ ፊውዝ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ማደብዘዣው

ይህን የማያውቅ የቮልስ ባለቤት ብዙ ነው። የፊት መብራት ማብሪያው መዞሪያ ሲሳብ መብራት ያበራል፣ ሲዞር ደግሞ የዳሽቦርዱን ብርሃን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ውስጡ የተጠመጠመ ሽቦና በላዩ የምትንሸራተት ምላስ አለች። ለአመታት ሳይዞር ከቆየ ሽቦው ይዝጋል።

1. መብራቱን አብሩና መዞሪያውን ከጫፍ ጫፍ ሃያ ሰላሳ ጊዜ አዙሩት። ብልጭ ድርግም እያለ የሚደምቅ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል። አንዳንዴ በዚህ ብቻ ያልቃል።

2. ካልሆነ ኮፈኑን ከፍታችሁ እቃ መጫኛው ውስጥ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን የካርቶን መሸፈኛ አውጡ። ካርቶኑ አርጅቶ ይሰባበራልና በሁለት እጅ።

3. የማብሪያውን ጀርባ እዩ። ተርሚናሎቹ አጠገብ ቁጥር ተቀርጿል። 30 ከባትሪ የሚመጣው ነው። 58 የኋላና የፓርኪንግ መብራት። 58ቢ (58b) ደግሞ በማደብዘዣው በኩል ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄደው።

4. ባትሪውን ፈታችሁ ያዘጋጃችሁትን ባለ ፊውዝ ሽቦ በ58ና በ58ቢ መካከል አገናኙ። ባትሪውን አስራችሁ መብራቱን አብሩ። ዳሽቦርዱ ቦግ ካለ ማደብዘዣው ሞቷል። ለውጥ ከሌለ ማደብዘዣውን ተዉት፣ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

ማደብዘዣው ከሞተ ማብሪያውን መቀየር ነው የሚሻለው። ካልተገኘ ባለ 5 አምፔር ፊውዙን ሽቦ በቋሚነት ማሰር ይቻላል፣ የምታጡት ማደብዘዙን ብቻ ነው። ያለ ፊውዝ ግን በፍጹም አታድርጉት።

ሙከራው ላይ ፊውዙ ወዲያው ከተቃጠለ ከ58ቢ ወዲያ ያለው ሽቦ ቦዲ እየነካ ነው። ትልቅ ፊውዝ አታስገቡ። ሽቦውን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ተከተሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ የተላጠው በዳሽቦርዱ ብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ነው።

ደረጃ 4፦ የጌጁ (የፍጥነት መለኪያው) ማሳ

እኔ ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው ይህን ነው። የአምፖሉ መቀመጫ ማሳውን የሚያገኘው ከፍጥነት መለኪያው ብረት ነው። ጌጁ ደግሞ ከቦዲው ጋር ያለው ግንኙነት በዝገትና በቀለም ሊዘጋ ይችላል። በተለይ ቦዲው እንደገና የተቀባ መኪና ላይ።

1. መብራቱን አብሩ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አገናኙ። ባትሪው ኋላ ስለሆነ ረጅም ሽቦ ቀጥሉበት።

2. ቀዩን ጫፍ ጌጁ ጀርባ ባለው ባዶ ብረት ላይ ጫኑ። ከ0.2 ቮልት በታች ካሳየ ማሳው ደህና ነው። 0.5ና ከዚያ በላይ ካሳየ አገኛችሁት፤ ያ ቮልት ብርሃን መሆን ሲገባው ዝገት ላይ እየቀረ ነው።

3. አሁን ቀዩን ጫፍ ወደ አምፖሉ በሚገባው ሽቦ ላይ አድርጉ። ማደብዘዣው ሙሉ ሲከፈት ከባትሪው ቮልት ከግማሽ ቮልት በላይ ማነስ የለበትም። ካነሰ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ 58ቢ ላይ፣ ቀጥሎ 58 ላይ፣ ቀጥሎ 30 ላይ ለኩ። ቁጥሩ በድንገት ከፍ የሚልበት ቦታና ከእሱ በፊት የለካችሁት፣ በሁለቱ መካከል ነው ጥፋቱ።

ማሳው ከሆነ ማስተካከያው ቀላል ነው። በጀርመኖቹ አሰራር ቡናማ ሽቦ ማሳ ነው። ቡናማውን ፈልጉ፣ ጫፉን አጽዱ። ከሌለ ወይም ከተበጠሰ አዲስ ሽቦ ከጌጁ ብረት ወደ ቦዲው ዘርጉ፣ ቦዲው ላይ ቀለሙን ፍቃችሁ በብሎን እሰሩ። በእጅ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል አይበቃም፣ በአንድ ክረምት ተመልሶ ይዝጋል።

ደረጃ 5፦ አምፖልና መቀመጫው

አሁን አምፖል መንካት ይቻላል። ጌጁን ማውጣት አያስፈልግም፣ መቀመጫዎቹ ከጀርባ ተስበው ይወጣሉ። ከሽቦው ሳይሆን ከብረቱ ያዙ። ግራ ቀኝ ወዝወዝ እያደረጋችሁ ሳቡ።

አምፖሉን ጫን አድርጋችሁ ወደ ግራ አዙሩና አውጡ። መስታወቱ ከውስጥ ከጠቆረ ቢበራም ጊዜው አልፏል፣ ቀይሩት። መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት ጥቅልል ከውስጥ አሹት፣ ስር ያለችውን ምላስ በትንሹ ቀና አድርጉ፣ ኮንታክት ማጽጃ ንፉበት። መቀመጫው ጌጁ ውስጥ የሚገባበትን ቀዳዳ ጠርዝም አትርሱ፣ ማሳው የሚገናኘው እዚያ ነው። ገብቶ ከላላ ጆሮዎቹን በትንሹ ወደ ውጭ ግፉ።

መስታወቱ ተሰብሮ ብረቱ ውስጥ ከቀረ ባትሪው መፈታቱን አረጋግጡና በቀጭን ፒንሳ ብረቱን ይዛችሁ እየጫናችሁ አዙሩ።

ኤልኢዲ ለምን አናስገባም የሚል አለ። ለቁጥሮቹ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ማደብዘዣው በትክክል አይሰራላችሁም፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠም አይበራም። ለዲናሞው ምልክት ግን አታስገቡ። ኋላ የወጣውና በአንዳንድ ቮልስ የሚገኘው አልተርኔተር ለመጀመር በዚያች አምፖል በኩል የሚያልፍ ከረንት ይፈልጋል፤ በኤልኢዲ ስትቀይሩት ባትሪው ላይሞላ ይችላል።

*ለ6 ቮልቶች፦* እዚህ ጋ አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቃችሁ። አምፖሉ 12 ቮልት ከተጻፈበት ብርሃኑ ከሚገባው አንድ አስረኛ ገደማ ነው፣ ምንም ብታጸዱ አይደምቅም። ባለ 6 ቮልቱን ፈልጉ። ሌላው ሁሉ ያው ነው፣ ግን ማጽዳቱ ላይ ጨክኑ፤ ከ6 ላይ 1 ቮልት ሲጠፋ ግማሹ ብርሃን ሊሄድ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ደረጃ 6፦ የዲናሞው ቀይ መብራት

ይህች መብራት በቮልስ ከሌላው መኪና ሁሉ ትበልጣለች። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ አየሩን የሚነፋው ቬንትሌተር ደግሞ ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው ያለው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣም አብሮ ቆመ ማለት ነው። የሚነግራችሁ ይህች ቀይ ብቻ ናት። ስለዚህ ፈዛ ቀን የማትታይ ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ።

1. ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ቀዩ በደንብ መብራት አለበት። ከደመቀ ወደ ቁጥር 3 ዝለሉ።

2. ከፈዘዘ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ፈልጉ። በአሮጌዎቹ ዲናሞው ላይ፣ በአብዛኛዎቹ 12 ቮልቶች ከኋላ መቀመጫ ስር በግራ ነው። 61 ከሚለው ተርሚናል ላይ ቀጭኗን ሽቦ ንቀሉና ጫፏን ቦዲ አስነኩ። የምታስነኩት እሷን ብቻ ነው፣ ወፍራሞቹን አትንኩ። ቀዩ ከደመቀ መስመሩና አምፖሉ ጤነኛ ናቸው፣ የዲናሞው ካርቦን አልቋል ወይም ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል። አሁንም ከፈዘዘ ጥፋቱ ዳሽቦርድ በኩል ነው፣ ደረጃ 2ንና 5ን ድገሙ።

3. ሞተሩ እየሰራ፣ ቤንዚን ሰጥታችሁትም ቀዩ ፈዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ አምፖሉ በሁለት ጫፉ የተለያየ ቮልት እያገኘ ነው። አንዱ ጫፍ ከማስነሻ ቁልፉ፣ ሌላው ከዲናሞው። ሁለቱንም ለኩ። የዲናሞው ካነሰ ባትሪው እየሞላ አይደለም። የቁልፉ ካነሰ ማስነሻ ቁልፉ ወይም ወደሱ የሚመጣው ሽቦ ቮልት እየበላ ነው፤ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ ስትከፍቱ ቀዩ ከጨመረ ይህኛው መሆኑ ነው።

4. ቺንጋውን በአውራ ጣት ጫኑት። 15 ሚሊሜትር ገደማ መግባት አለበት።

እየነዳችሁ ቀዩ ድንገት ቦግ ካለ ጥግ ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። ቺንጋው ከሌለ እስከ ጋራዥ ልድረስ ብላችሁ አትንዱ።

ደረጃ 7፦ የዘይቱ መብራት

ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሱ። ከፈዘዘ ሞተሩ ላይ፣ ከዲስትሪቢዩተሩ በታች በኩል ያለውን የዘይት ግፊት ስዊች ሽቦ ንቀሉና ቦዲ አስነኩ። ከደመቀ ስዊቹን ቀይሩ። ካልደመቀ ጥፋቱ መስመሩ ወይም አምፖሉ ነው። አዲሱን ስዊች ስታስሩ በጉልበት አታጥብቁ፣ ጥርሱ እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ የሞተሩን ለስላሳ ብረት ይሰነጥቃል።

ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ ሲሰራ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ይህ የመብራት ብልሽት አይደለም። አጥፉ፣ ጥቂት ጠብቃችሁ ዘይቱን ለኩ። ጠቅላላው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሊትር መጉደሉ ቀላል አይደለም። ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ድርግም ካለ ሜካኒክ ግፊቱን በጌጅ ይለካላችሁ።

ስትመልሱ የሚበላሹ ነገሮች

ሰማያዊው ለፍሬቻ የሚበራ ከሆነ፣ ወይም ቀዩ ለረጅም መብራት፣ መቀመጫዎቹን አቀያይራችኋል። ፎቶውን እዩ።

የፍጥነት መርፌው መዝለል ከጀመረ ከኋላ ያለው ኬብል ተነክቷል። የሚዞረውን ክብ ብሎን በእጃችሁ አጥብቁ፣ ኬብሉም ሹል ብሎ አለመታጠፉን አረጋግጡ።

የነዳጅ ጌጁ ከፍጥነት መለኪያው ውስጥ ያለበት ቮልስ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያለው ከሆነ፣ ጀርባው ላይ የነዳጅ ጌጁን ቮልት የምታስተካክል ትንሽ ሳጥን አለች። ስራችሁ ከእሷ ጋር አይደለም። ነዳጁ ከስራው በኋላ በስህተት ማሳየት ከጀመረ የእሷ ሽቦ ተነቅሎ እንደሆነ እዩ።

ሁሉም ቮልት ትክክል ሆኖ፣ አምፖሉ አዲስ ሆኖ፣ ቁጥሮቹ አሁንም ከደበዘዙ አቧራው ጌጁ ውስጥ ነው። ጠርዙ ተጨፍልቆ የተዘጋ ስለሆነ በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አትክፈቱት፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ጌጅ የሚከፍት ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ባለሙያው ሲከፍትም አጠገቡ ቁሙ፦ ቁጥሮቹ ያሉበትን ፊት በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው የሚያጸዳው። አልኮል ወይም ቤንዚን ካስነካው የቁጥሮቹ ቀለም ከጨርቁ ጋር ይነሳል።